ድረስን ማን ገነዘው?

ነሐሴ አሥር ቀን ጧት እማሆይ ወለተ ሐዋርያት ለኪዳን ጸሎት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወጡ፣ አንሙት ከሚባል ገበሬ እርሻ ዳር ሰው ተኝቶ አዩ። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ገና ማባራቱ ነበር፤ ጉሙ አሥር እርምጃ አያሳይም። ሰካራም መስሏቸው ሊገሥጹት ተጠጉ። ሰውየው በጀርባው ተንጋሏል፤ ራሱ ወደ ምዕራብ፣ እግሩ ወደ ምሥራቅ ነው። ዓይኑ ተከድኗል። አገጩ በነጠላ ቅዳጅ ታስሮ አናቱ ላይ ተቋጥሯል። እጆቹ ከጎንና ጎኑ ተዘርግተዋል፤ የሁለት እግሮቹ አውራ ጣቶች አንድ ላይ ታስረዋል።

እማሆይ ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት ነው የቀራቸው፤ ሬሳ አይተው የሚደነግጡ ሴት አይደሉም። ያስደነገጣቸው ሬሳውን ተገንዞ ማግኘታቸው ነው።

ነገሩ ለማንም የሚገባ አልነበረም። ገዳይ ይወጋል፣ ይተኩሳል፣ ይሸሻል። መገነዝ የዘመድና የካህን ሥራ ነው፤ የሚሠራውም ቤት ውስጥ፣ ሰው ተሰብስቦ ነው። ማን ነው ሰው በሌለበት ሜዳ፣ በዚያ ዝናብ፣ የሟቹን ዓይን የከደነ? እኩለ ቀን ሳይሆን የጥድ አምባ ሰው ሁሉ መልስ አግኝቶለት ነበር። ግማሹ መላእክት ገነዙት አለ። ግማሹ ራሱን በራሱ ገንዞ ነው የተኛ አለ፤ ይህን የሚሉት ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። ሴቶች በዚያ መንገድ ውሃ መቅዳት ተዉ። አንድ ነጋዴ በቅሎዬ እዚያ ስትደርስ ላብ አጠመቃት፣ አልራመድም አለች ብሎ በታቦት ማለ።

ሟቹ ድረስ ይባላል፤ የአርባ ዓመት ገበሬ ነው። ፖሊስ ቀትር ሳይሆን አንሙትን ያዘ፤ ሬሳው የተገኘው እሱ እርሻ ዳር ነው፣ ሁለቱ ደግሞ በድንበር ሦስት ዓመት ሲካሰሱ የኖሩ ናቸው። በሦስተኛው ቀን አንሙት ገድያለሁ ብሎ የጣት አሻራውን አኖረ። አንሙት መጻፍ የሚያውቅ ሰው ነው።

እኔ ነገሩን የሰማሁት በሃያኛው ቀን ነው። ደብረ ማርቆስ መናኸሪያው አጠገብ አንዲት ክፍል አለችኝ፤ በሯ ላይ «ማመልከቻ እንጽፋለን፣ ጉዳይ እናስፈጽማለን» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። እንየው እባላለሁ። አሥራ ስድስት ዓመት ፖሊስ ነበርሁ፤ ኢንስፔክተር ሆኜ ተባረርሁ። አሁን ጠበቆች የጠፋ ምስክር ሲፈልጉ ይልኩኛል፤ በሬ የተሰረቀበትም፣ ሚስት የኮበለለችበትም ይመጣል። በፊቴ የግል መርማሪ ይሉኛል፣ ከኋላዬ የተባረረው ይሉኛል። ሁለቱም እውነት ስለሆነ አልቀየምም።

የአንሙት ሚስት የብርጓል ስትመጣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ነበር፤ ሰው ሳይሞትባት ሐዘን ተቀምጣለች። ወንበር ብሰጣት እንቢ ብላ ቆማ አወራችኝ። ባሏ ያን ሌሊት ከጎኗ እንደተኛ፣ ይህን ብትናገር የሚሰማት እንዳጣች፣ ስንቅ ስታደርስ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ እንዳየችው ነገረችኝ። ይህን ሁሉ ስትናገር አላለቀሰችም። ያለቀሰችው ስለ ባሏ ወንድም ስታነሣ ነው።

«ባሌስ እስር ቤት ነው፤ ጥይት አያገኘውም» አለች። «እኔ የምፈራው ለአንተነህ ነው።»

አንተነህ የአንሙት አንድ ወንድሙ ነው፤ መምህር ነው። የድረስ ታላቅ ወንድም ገዳሙ በቀብሩ ዕለት ለሽማግሌዎች አንድ ነገር ብቻ ተናግሯል፦ አርባው እስኪወጣ እታገሣለሁ፣ ከዚያ ደሜን እመልሳለሁ። በእኛ አገር ገዳይ ቢታሰር ደም አይታሰርም፤ ወንድሙን ይፈልጋል። ገዳሙ ደግሞ የተናገረውን ሳያደርግ የቀረበት ጊዜ የለም። መምህሩ ከዚያ ቀን ጀምሮ በሩን ከውስጥ ቀርቅሮ ተቀምጧል። መስኮቱን እንኳ በጆንያ ጋርዶታል።

«ስንት ቀን ቀረን?» አልኋት።

«ሃያ።»

ከንፈሬ ላይ የነበረው እንቢታ እዚያው ቀረ። የገደልኸውን ሰው አገጭ የምታስር ከሆነ ለምን ትገድለዋለህ የሚለው ጥያቄም ይዞኝ ነበር። በማግስቱ ወደ ጥድ አምባ በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፈርሁ።

መጀመሪያ የጠረጠርሁት ቄስ ወልደ ሩፋኤልን ነው። ግንዘት ያውቃሉ፤ በዚያ ላይ ድረስ የቤተ ክርስቲያኑን ጥድ ቆርጧል ብለው በአደባባይ ረግመውት ነበር። ሰው በቁጣ ገድሎ በጸጸት ይገንዛል ብዬ አሰብሁ። ቄሱ ነገሬን ሳልጨርስ ገባቸው። ያን ሌሊት ማኅሌት ቆመው ማደራቸውን፣ አርባ ሰው አብሯቸው እንደነበር ነግረውኝ፣ ጠይቅ ብለው አሰናበቱኝ። ሦስት ደብተራና አንድ አቃቢት ጠየቅሁ። ቄሱ ከመቋሚያቸው ፈቀቅ አላሉም።

አፍሬ ተመልሼ ይቅርታ ስጠይቃቸው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ሬሳው ከፖሊስ እጅ የደረሳቸው ከቀትር በኋላ ነው። እማሆይ አየሁት ያሉት እስር አንዱም አልነበረበትም፤ አፉ ተከፍቷል፣ እግሮቹ ተለያይተዋል። ግን አውራ ጣቶቹ ላይ የክር ሰንበር ነበር። እንደገና የገነዙት እሳቸው ናቸው።

«ሌላም ነገር አየሁ» አሉኝ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ጥይት የለበትም፣ ጩቤ የለበትም። ሆዱ ጠቁሯል። የውስጥ እግሩ ግን አብጦ ተተልትሏል። ሰው የውስጥ እግሩን የሚገረፈው የት እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ።»

እናንተ ሲሉ እኔንም ጨምረው እንደሆነ ገብቶኛል። ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልሁም።

ገዳሙን ያገኘሁት ደጁ ላይ ጠመንጃውን ሲወለውል ነው። ረዥም፣ ጨዋ፣ ድምፁን የማያነሣ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለውን ነው የምፈራ። ጠላ አስቀድቶ አጠጣኝ፤ የየብርጓል ሰው መሆኔን እያወቀ። ስለ ወንድሙ ስጠይቀው አልደበቀኝም። ፖሊስ ሰኔ ላይ የድረስን ጠመንጃ ወስዶበታል፤ የአባታቸው ነው፣ ፈቃድ ያለው ነው። ድረስ አቤቱታውን እስከ ዞን አደረሰ። ነሐሴ ዘጠኝ ቀን የጣቢያው ኮማንደር ና ውሰድ ብሎ ላከበት፤ ሊመሽ ሲል ከቤት ወጣ፣ በዚያው ቀረ።

ጣቢያው ደርሶ እንደሆነ ጠየቅሁት። ኮማንደሩ አልመጣም እንዳለው፣ አንሙት መንገድ ላይ ጠብቆት ይሆናል እንዳለው ነገረኝ። ኮማንደሩ ቀብር ላይ ቆሞ ማልቀሱንም ጨመረልኝ።

ያኔ ኮማንደሩን ጠረጠርሁ። ግን አልነገርሁትም። ለገዳሙ ጥርጣሬ መንገር ጥይት ማቀበል ነው፤ ወደ ማን እንደሚተኮስ ሳላውቅ ላቀብል አልፈለግሁም። ስወጣ በሬሳው ቦታ አለፍሁ። ሣሩ በሰው ቁመት ልክ ተኝቶ ቀርቷል፤ ዙሪያውን ከብት ግጦታል፣ ያቺን መሐሏን ግን አልነካም። ፖሊስ ሳለሁ ብዙ ሬሳ አንሥቻለሁ፤ እንደዚያ ጀርባዬን የበረደኝ ቀን የለም።

ሳይውል ሳያድር ኮማንደር መሳፍንት በፒካፕ አስጠራኝ። እዚሁ ጣቢያ ሳለሁ ዘጠኝ ዓመት አለቃዬ ነበር። ቢሮው እንደድሮው ነው፤ በሩ ላይ የቆመው ሳጅን ቢተው ነው። ቢተውን ምርመራ ያስተማርሁት እኔ ነኝ። ከዲያቆንነት ወደ ፖሊስ የመጣ፣ ሳቂታ ልጅ ነበር። አሁን ጉንጩ ገብቷል። ፀሐይዋ ከጉሙ ወጥታ ቢሮው እንደምድጃ ግሏል፤ እሱ የሸሚዙን ቁልፍ እስከ አንገቱ ቆልፎ ቆሟል። ሰላም ስለው መሬት መሬት አየ።

«እንየው ወንድሜ፣ ከሳህ» አለኝ ኮማንደሩ። ስለ ጤናዬ፣ ስለ መጠጡ ጠየቀኝ። ከዚያ ወንጀለኛው ያመነበት መዝገብ ውስጥ ምን እንደምፈልግ ጠየቀኝ።

«የታሰሩትን ጣቶች ማን ፈታቸው?» አልሁት።

«የምን ጣት?»

«እማሆይ ያዩት።»

«ያች አሮጊት ከመዳፏ ወዲያ አታይም።» ከመዝገቡ ፎቶግራፍ አውጥቶ ወረወረልኝ። እግሮቹ አልታሰሩም። ከዚያ ቢተውን በሩን ዝጋ አለው። «ያ ከደረጃ የወደቀው ሰውዬ ትዝ ይልሃል? ወረቀቱ አሁንም እኔ ጋ ነው። የእጅ ጽሕፈትህ ያምራል። አንተ የኔን ስትቆፍር እኔም ያንተን እቆፍራለሁ።»

ትዝ ይለኛል። ከስምንት ዓመት በፊት አንድ ሰው እዚሁ ጣቢያ ሲገረፍ ሞተ። የገረፈው መሳፍንት ነው፤ ከደረጃ ላይ ወድቆ ሞተ ብዬ የጻፍሁት ግን እኔ ነኝ። ጣቢያችን ደረጃ የለውም። ማንም መጥቶ አላየም፣ ማንም አልጠየቀም። ቢተው ያኔ አዲስ ምልምል ነበር፤ ምስክር ሆነህ ፈርም ሲባል ብዕሩን አስቀመጠ፣ እኔ ነኝ ፈርም፣ ያልፋል ያልሁት። ከዚያ ቀን በኋላ መጠጣት ጀመርሁ፤ በዓመቱ በመጠጥ አባረሩኝ። እውነቱን ለመናገር ሳልባረር መሄድ ነበረብኝ፤ ወኔ አጣሁ።

ከጣቢያው ስወጣ ፈርቼ ነበር። መናኸሪያ ሄጄ ወደ ማርቆስ የሚሄድ መኪና ላይ ወጣሁ፤ ሊነሣ ሲል ወረድሁ። ሰው ሸብቶ ሳያልቅ አንድ ቀን እንኳ ሳይፈራ መዋል አለበት።

ከመኪናው ወርጄ ወደ እማሆይ ሄድሁ። ጎጇቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ተጠግታለች። ስገባ መርፌ ክር እያስገቡ ነበር፤ በአንድ ጊዜ አስገቡት። ከመዳፏ ወዲያ አታይም የተባሉት ሴት እኚህ ናቸው።

እግሩ የታሰረበትን ገመድ ማን እንደፈታው ጠየቅኋቸው።

«ገመድ ማን አለህ?» አሉኝ። «ማተብ ነው እንጂ።»

ያን ጧት ፖሊስ ሲመጣ እማሆይ ከሬሳው ራቅ ብለው ዳዊት እየደገሙ ነበር። ኮማንደሩ ጣቶቹን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ፤ ጎንበስ ብሎ በጩቤ ቆረጠው፣ የአገጩንም ፈታ፣ ሁለቱንም ሣር ውስጥ ወረወረ። ከዚያ በኋላ ነው ፎቶ ያስነሣው። አንዲት አሮጊት ቆማ ታያለች ብሎ አልቆጠራቸውም። ሲሄዱ እማሆይ ሣሩን ፈልገው አነሡት፤ ማተብ መሬት ወድቆ አይተው ማለፍ አይሆንላቸውም። ከዳዊታቸው ማኅደር ውስጥ አውጥተው በመዳፌ ላይ አኖሩልኝ።

ጥቁር ነው፤ በላብ ብዛት ደርቋል፣ በሁለት ቦታ ተቆርጧል። አዲስ ክር አይደለም። የሰው አንገት ላይ ዓመታት የኖረ ነው። የድረስ ይሆን እንዴ ብዬ ቄሱ ጋ ሮጥሁ፤ የድረስ ማተብ ከነመስቀሉ አንገቱ ላይ እንደነበር፣ ከነማተቡ እንደተቀበረ ነገሩኝ። እንግዲህ የገነዘው ሰው ማሰሪያ አጥቶ የራሱን አውልቋል። በእኛ ዘንድ ማተብ የሚታሰረው ክርስትና ሲነሡ ነው፤ በገዛ እጁ የሚበጥሰው የለም። ሰው ምን ቢጨንቀው ነው ይህን ለሬሳ ብሎ የሚያወልቀው?

አራት ቀን የሰው አንገት ሳይ ከረምሁ። ገበያ ውስጥ፣ ጠላ ቤት፣ ወፍጮ ቤት። ሴቶች አንገታቸውን በነጠላ መሸፈን ጀመሩ፤ አንዱ እንዲያውም ሊያርደን ነው የሚያየን ብሎ ቀለደብኝ። ሁሉም ማተብ አለው። በአምስተኛው ቀን ፊቴን ስታጠብ የቢተው ሸሚዝ ትዝ አለኝ፤ በዚያ ሙቀት እስከ ጉሮሮው የተቆለፈው። ፎጣውን ይዤ ቀረሁ። ሌላ ማንም ቢሆን በወደድሁ ነበር።

ብቻውን ለማግኘት ብዙ ቀን ፈጀብኝ፤ ኮማንደሩ ከአጠገቡ አይለየውም። እንቁጣጣሽ አለፈ። መስከረም አሥራ አንድ ቀን፣ አርባው ሊወጣ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሴ ሲቀደስ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቆሞ አገኘሁት። ጉሙ ወርዶ ጥዶቹን ከወገባቸው በላይ ውጧቸዋል፤ ዜማው ከውስጥ ይሰማል፣ ቤተ ክርስቲያኑ አይታይም። ጋቢውን እስከ አገጩ ተከናንቦ ግንቡን ተደግፏል። የቀድሞ ዲያቆን ነው፤ በሩን አልፎ ግን አልገባም።

«አንገትህን አሳየኝ» አልሁት።

ግራ ቀኙን አየ። ከዚያ ጋቢውን ገለጠው። ማተቡ የነበረበት ቦታ በዙሪያው ነጥቶ ቀርቷል።

«አልገደልሁትም፣ ጋሼ» አለኝ።

«አውቃለሁ። ንገረኝ።»

ነገረኝ። ድረስ ጠመንጃውን ሊወስድ ሲመጣ ኮማንደሩ መጀመሪያ አቤቱታህን ተው አለው። ድረስ ጠመንጃዬን ስጠኝ እንጂ የምተወው የለኝም አለ። ኮማንደሩና ፖሊሶቹ አጋድመው የውስጥ እግሩን ገረፉት። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ባትሪ የያዘላቸው ቢተው ነው። በመጨረሻ ኮማንደሩ ሆዱን በጫማ መታው፤ ድረስ ዝም አለ። ሞተ ብለው ፒካፕ ላይ ጫኑትና የተጣላው ሰው እርሻ ይሻላል ብለው ወደ አንሙት ማሳ ነዱ። ቢተው ከኋላ፣ ከሬሳው ጋር ተቀመጠ።

«ሬሳ መስሎኝ ነበር» አለኝ። «ወንዙን ስንሻገር እግሬን ያዘኝ።»

ጉሙ ውስጥ አንድ ነገር ተንኮሻኮሸ፤ ሁለታችንም ዞር አልን። ምንም የለም።

«ምን አለህ?»

«ውሃ። ሸራው ላይ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ነበር፤ በመዳፌ ሰጠሁት። ጠጣ።» ከንፈሩን ነከሰ። «መኪናውን ደብድቤ ላስቆም ነበር። ቢያቆም ኮማንደሩ ይጨርሰዋል ብዬ ፈራሁ። ወይም ለራሴ ፈራሁ፤ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። ማሳው ሳንደርስ ነፍሱ ወጣች። ተሸክሜ አወረድሁት፤ እነሱ ወደ መኪናው ሲመለሱ የእግራችንን ዱካ ላጥፋ ብዬ ቀረሁ። እንዴት አፉን ከፍቶ እተወዋለሁ፣ ጋሼ? አገጩን በራሱ ነጠላ ቅዳጅ አሰርሁት፤ ለጣቶቹ ግን ሌላ ማሰሪያ አልነበረኝም።»

ስለ ገዳሙና ስለ መምህሩ ነገርሁት። ያውቃል። ጥድ አምባ ውስጥ የማያውቅ የለም።

«ለገዳሙ ብነግረው ይገድለኛል» አለ።

«ሊገድልህ ይችላል» አልሁት፤ ልዋሸው አልፈለግሁም። «ዝም ካልህ ግን መምህሩን ይገድለዋል። ያኔ ፈርም፣ ያልፋል ያልሁህ እኔ ነኝ። አላለፈም፣ ቢተው። እኔንም አላለፈኝ።»

ጋቢውን ተከናንቦ ጉሙ ውስጥ ገባ፤ ጥቂት እርምጃ ሳይሄድ ጠፋኝ።

እኔ ወደ ማርቆስ ተመለስሁና ወረቀት አውጥቼ ከደረጃ ስለወደቀው ሰው ጻፍሁ። በዚህ ጊዜ ደረጃ አልጨመርሁበትም። ማን እንደገረፈው፣ ማን እንደጻፈው፣ ስሜንም አኑሬ ለማውቀው ጠበቃ ሰጠሁት፤ ለዞኑ ዐቃቤ ሕግ ያቅርበው ብዬ። የእስር ወረቀቴን በገዛ እጄ እንደጻፍሁ አውቃለሁ፤ ያን ቀን ግን ሳልጠጣ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስለ ድረስ ግን የእኔ ቃል ብቻውን አይበቃም። ወረቀት ቀስ እያለ ነው የሚሄደው፤ የቀረን ሦስት ቀን ነው።

መስከረም አሥራ አራት ቀን ጥድ አምባ ተመለስሁ፤ የድረስ የአርባ ፍትሐት ተደረገ። ከጸሎቱ በኋላ ወንዶቹ ከቅጥሩ ውጭ ሣር ላይ ተቀመጡ፤ ሽማግሌዎች ከፊት፣ ገዳሙ ከመካከላቸው። ዝናሩን ታጥቋል፣ ጠመንጃውን በጉልበቶቹ መካከል አቁሟል። ከዚህ ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ የማያውቅ የለም። ሽማግሌዎቹ ሁለት ጊዜ ለምነውት ሁለት ጊዜ ራሱን ነቀነቀባቸው። የብርጓል ከሴቶቹ ኋላ ቆማ እኔን ታየኛለች። ቢተው ካልመጣ እኔ ተነሥቼ ስሙን ልጠራ ነበር ያሰብሁት፤ ያ ማለት ልጁን በገዛ አፌ ማስገደል ነው።

ገዳሙ ሊነሣ ጠመንጃውን ሲደገፍ አንዲት ሴት ጣቷን ወደ ጉሙ ቀሰረች። አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ይመጣል። ማጅራቱ ላይ ትልቅ ድንጋይ ተሸክሟል። ድንጋይ ተሸክሞ የሚመጣ ሰው በደሌ ከብዶኛል፣ ግደሉኝ ወይ ማሩኝ የሚል ሰው ነው፤ ሳይናገር ሁሉም ያውቀዋል። መሣሪያ አልያዘም። ኮሌታ የሌለው ሸሚዝ ነው የለበሰው፤ ባዶ አንገቱ ከሩቅ ይታያል።

ቢተው ገዳሙ እግር ሥር ተንበረከከ። ድንጋዩን አላወረደም።

«ድረስን አንሙት አልገደለውም» አለ። «ኮማንደር መሳፍንት ጣቢያ ውስጥ ደብድቦ ገደለው። እኔ ባትሪ ይዤ ቆሜ ነበር። እኔ ነኝ ተሸክሜ ያወረድሁት።»

ሰዉ ጉምጉም አለ። ከኋላ አንድ ሰው ጠመንጃ ሲያቀባብል ሰማሁ። ገዳሙ እጁን አነሣ፤ ሁሉም ጸጥ አለ።

«የገነዘውስ?» አለ።

«እኔ ነኝ። ሌላ ማንም የለም።»

«ከጣቢያ ስትጭኑት ሞቶ ነበር?»

ቢተው መዋሸት ይችል ነበር። ልቤ ዋሽ አለችው።

«አልሞተም ነበር። መኪና ላይ ነው የሞተው። ውሃ ለመነኝ።»

«ሰጠኸው?»

«በመዳፌ። የዝናብ ውሃ ነው።»

ጉሙ በመካከላችን ገብቶ ወጣ። በመጨረሻ ገዳሙ ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን በሁለት እጁ አነሣለት፤ ሣሩ ላይ አስቀመጠው።

«ምሬህ አይደለም» አለው። «ያን መኪና ልታስቆመው ትችል ነበር። ግን ወንድሜ ውሃ ጠጥቶ መሞቱን አላውቅም ነበር።» ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። «ይህን ልጅ ለእናንተ ሰጥቻለሁ። አሁን፣ በቀን ብርሃን፣ ሁላችሁም አጅባችሁ ማርቆስ አድርሱት። ፖሊስም የኔ ወገንም መንገድ ላይ እንዳይነካው።»

ሁለት መቶ ሰው ይሆናል ነጭ ለብሶ ከቢተው ጋር የወጣው። ግማሹ በአይሱዙ፣ ግማሹ በእግሩ። ኮማንደሩ የተያዘው በማግስቱ ነው፤ አንሙት ከሁለት ሳምንት በኋላ ተፈታ፤ እኔም ቀጠሮ ተቆርጦልኛል። ይህን እዚህ ላይ የምናገረው ሌላ ቦታ ስለማላነሣው ነው። ያን ሰዓት ግን ስለዚህ የሚያስብ አልነበረም፤ ገዳሙ ጠመንጃውን አንግቶ ፊቴ ቆሟል።

«መምህሩ ቤት ውሰደኝ» አለኝ።

ለምን ብዬ ሳልጠይቅ ቀድሜው መንገድ ጀመርሁ። ደም ሊመልስ ከማለ ሰው ጋር ግማሽ ሰዓት ሄድሁ። ዝናሩ ሲንቋቋ ብቻ ነው የምሰማው። የእውነተኛውን ገዳይ ስም ሰምቷል፤ ግን አርባ ቀን ሙሉ አንድ ሰው ሊገድል ሲዘጋጅ የከረመ ልብ በአንድ ንግግር ይመለሳል ብዬ መማል አልቻልሁም። የብርጓል በአቋራጭ ሮጣ ቀድማናለች። ስንደርስ በበሩ ላይ ተደግፋ ሁለት እጆቿን ዘርግታ ቆማለች። አላለቀሰችም፣ አልለመነችም።

ገዳሙ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። አፈሙዙን ወደ መሬት አድርጎ ለእሷ ዘረጋላት።

«ያዢልኝ» አላት።

ተቀበለችው። ለእጇ ከበዳት፤ ደረቷ ላይ አቀፈችው። ከበሩ ፈቀቅ አለች።

ገዳሙ በጣቱ አንኳኳ። ከውስጥ ድምፅ የለም፤ መስኮቱ ላይ ያለው ጆንያ ግን ተነቃነቀ።

«መምህር፣ ገዳሙ ነኝ» አለ። «አርባው ወጣ። ካንተ ዘንድ ደም የለኝም። ውጣ።»

መቀርቀሪያው ሲሳብ ሰማን፤ በሩ ግማሽ ድረስ ተከፈተና ቆመ። አንተነህ ጺሙ አድጎ፣ ፊቱ ገርጥቶ፣ ብርሃኑ ዓይኑን እያስጨፈነው ወጣ። መጀመሪያ ያየው የገዳሙን ፊት አይደለም፤ እጆቹን ነው። ባዶ ናቸው። ደጋግሞ አያቸው።

«ትምህርት ቤት ከተከፈተ ሳምንት ሆነው» አለው ገዳሙ። ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ሻከረ። «ልጄ አስተማሪ የለንም እያለች ትመለሳለች።»

«ማን ትባላለች?» አለ አንተነህ።

«ወንጌላዊት።»

«አውቃታለሁ» አለ መምህሩ። «ከፊት ነው የምትቀመጥ።» ከዚያ ዓይኑ ብርሃኑን ሳይለምድ ሲራመድ ተደናቀፈ፤ ሳይወድቅ ገዳሙ ብብቱን ይዞ ደገፈው።